የተጨበጠ እጅ፦ ስለ እምነትና አካል ጉዳት አጭር ፊልም ስንሠራ

ይህን የምጽፈው በልጅነቱ "ያንተ ነገር ከኃጢአት ነው" ወይም "መንፈስ ይዞሃል" እየተባለ ላደገና አሁን ያንን ታሪክ ፊልም ማድረግ ለሚፈልግ ሰው ነው። ውድ ካሜራ፣ በቂ ገንዘብ፣ ከኋላ የሚደግፍ ድርጅት ላይኖራችሁ ይችላል። እኛም አልነበረንም። ፊልሙ ግን አልቆ ታይቷል፤ እናቴም አይታዋለች። በመንገዳችን ላይ የጠቀመንን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከልደቴ ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ አለብኝ። ግራ ጎኔን ነው የሚይዘኝ። እግሬ ትንሽ ይጎተታል፣ እጄ ይጨበጣል። ሴሬብራል ፓልሲ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ፣ ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለዱ ብዙም ሳይቆይ በሚደርስ ጉዳት ይመጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንጎል ላይ ያለው ጉዳትም እያደር አይሰፋም። ይህንን ያወቅሁት ግን ካደግሁ በኋላ ነው። በልጅነቴ የሰማሁት ማብራሪያ ሌላ ነበር። አንዱ "የእናቱ ኃጢአት ነው" ይላል፣ ሌላው "የዘር እርግማን"፣ ሌላው ደግሞ "ርኩስ መንፈስ"።

ወደ ጸሎት ከመግባታችን በፊት እናቴ በሩ ላይ ቆም ትልና የሹራቤን እጅጌ እስከ ጣቶቼ ጫፍ ታወርደው ነበር። አትቆጣም፣ ምንም አትልም። ካወረደችው በኋላ ግንባሬን ትስመኛለች። ከዚያ እንገባለን። ብዙ ነገር ጽፌ ስቀድ ከቆየሁ በኋላ ፊልሙ ይሄ መሆኑ ገባኝ። ፍቅሩም እፍረቱም የመጣው ከአንድ ሰው፣ በአንድ እንቅስቃሴ ነው። እናንተም እንዲህ ያለች አንዲት ድርጊት ፈልጉ። ንግግር ሳይሆን እጅ የሚሠራው ነገር ይሁን። ካሜራ ከሁሉ በላይ የሚወደው እሱን ነው።

ሁለተኛው ነገር የተጨበጠው እጄ ነው። ውስጥ ስንገባ መሃል ላይ ያቆሙኛል። ሰዎች ከበው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጭነው ይጸልዩልኛል። ጩኸቱ በጨመረ ቁጥር እጄ ይበልጥ ይጨበጣል። ያኔ "አያችሁ? እምቢ እያለ ነው!" ይባላል። እኔም አምን ነበር። ውስጤ ያለ የሆነ ነገር እምቢ የሚል ይመስለኝ ነበር። አሁን የማውቀው ሌላ ነው። የጡንቻዎቼ ግትርነት በፍርሃት፣ በድካም፣ በብርድ፣ በደስታም ጭምር ይጨምራል። እንቅልፍ ሲወስደኝ ይላላል። እጄን ያስጨበጠው የእነሱ ጩኸት ነበር።

ታዲያ ይህንን ተመልካቹ እንዴት ይወቅ? ቀላሉ መንገድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሐኪም አስገብቶ ማስረዳት ነው። አታድርጉት። ሐኪሙ መናገር ሲጀምር ተመልካቹ ከልጁ ጎን ተነስቶ ሐኪሙ ጎን ይቀመጣል። እኛ የመረጥነው ሁለት ትዕይንት ማስቀመጥ ነው። በመጀመሪያው ልጁ ከታላቅ እህቱ ጋር ለብ ባለ ውሃ ዕቃ ያጥባል። ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ እጁ ቀስ ብሎ ይከፈታል፣ ማንም ስለ እጁ አያወራም። ሁለተኛው የጸሎቱ ትዕይንት ነው። ያየ ሰው ራሱ ያገናኘዋል። ከታየ በኋላ ያናገሩን ሰዎች አብዛኞቹ "እጁ እኮ ቅድም ተከፍቶ ነበር" ብለው ነው የሚጀምሩት።

ስለ ስክሪፕቱ አንድ ነገር አጥብቄ እመክራለሁ። ክፉ ሰው አትፍጠሩ። ጨካኝ ሰባኪ፣ ሌባ አጥማቂ፣ አረመኔ አጎት ለመጻፍ ይቀላሉ። ተመልካቹንም ያሳርፉታል፤ "እኔ እንደዚህ አይደለሁም" ብሎ ይወጣል። እኛን የጎዱን ግን ብዙ ጊዜ የሚወዱን ሰዎች ናቸው። እያለቀሱ የጸለዩልን፣ ጾመው የዋሉልን። አንዲት አክስቴ ለእኔ ስትጸልይ ጉልበቷ እስኪያብጥ ትንበረከክ ነበር። ያንን ሴትዮ ሰይጣን አድርጌ ብስላት ውሸት ይሆናል። በእርግጥ ሆን ብለው የሚበድሉ፣ ልጅ የሚደበድቡ፣ የሚያስሩም አሉ። የእናንተ ታሪክ እሱ ከሆነ እውነቱን ጻፉት። ያልሆነውን ግን ለድራማ ብላችሁ አትጨምሩ።

በስክሪፕት አጻጻፍ በተለመደው አሠራር አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው። በ10 ገጽ ውስጥ አንድ ግንኙነት ብቻ በደንብ ይነገራል። የእኛ የእናትና የልጅ ነው። አባት፣ ትምህርት ቤት፣ የሰፈር ልጆች፣ ሁሉም ወጡ። ኦስካር የሚሰጠው አካዳሚ እስከ 40 ደቂቃ ያለውን ክሬዲቱን (የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር) ጨምሮ አጭር ፊልም ብሎ ይቀበላል። ግን 40 ደቂቃ ተፈቀደ ማለት 40 ደቂቃ ያስፈልጋችኋል ማለት አይደለም። ፌስቲቫል ላይ ፕሮግራም የሚያወጡ ሰዎች ብዙ ፊልም በአንድ መቀመጫ ያሳያሉ፤ አጠር ያለውን ማስገባት ይቀላቸዋል።

አጨራረሱስ? ስለ አካል ጉዳት በሚሠሩ ፊልሞች ሦስት አጨራረስ እስኪሰለች አይተናል። ወይ ይድናል፣ ወይ ይሞታል፣ ወይ ተአምረኛ ጎበዝ ሆኖ ያጨበጭቡለታል። ሦስቱም የሚሉት አንድ ነው፤ ሰውየው እንዳለ ሆኖ መኖር አይችልም። በእኛ ፊልም መጨረሻ ላይ ልጁ በሩ ጋ ሲደርሱ "እማዬ፣ ዛሬ እዚህ ልጠብቅሽ?" ይላል። ደረጃው ላይ ይቀመጣል። እናቱ በበሩና በእሱ መካከል ቆማ ሳትወስን እንቆርጠዋለን። አንዳንዱ "ገባች"፣ አንዳንዱ "አብራው ተቀመጠች" እያለ ይከራከራል። እኔ አልመልስላቸውም።

እናቴን ስክሪፕቱን ከቀረጻ በፊት አስነበብኳት። ይህንን ለማንም ሰው እላለሁ፤ በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ ውስጥ ካለ ፊልሙ ካለቀ በኋላ አዳራሽ ውስጥ እንዲደነግጥ አታድርጉት። አንብባ ዝም አለች። ከዚያ "እጅጌውን የማወርደው ለምን እንደሆነ አልጻፍክም" አለችኝ። "ለምን ነበር እማዬ?" አልኳት። "ፈጣሪን ፈርቼ አይደለም ልጄ፣ ሰው ፈርቼ ነው። እንዳያዩህ ሳይሆን እንዳይስቁብህ።" ከዚያ ቀን በኋላ ስክሪፕቱን እንደገና ጻፍኩት። ሴቶች በሹክሹክታ ሲነጋገሩ እናትየው የምትሰማበት አጭር ትዕይንት የገባው ያኔ ነው። ተናጋሪዎቹ አይታዩም፤ ፊቷ ብቻ ነው የሚታየው።

እምነት ያላቸው ሰዎችም ስክሪፕቱን አነበቡልን። ፊልሙ እምነትን የሚያጥላላ ከመሰለ ሊያዩት የሚገባቸው ሰዎች አያዩትም። ደግሞም በየቅዱሳት መጻሕፍቱ ውስጥ ከእኛ ጎን የቆመ ቃል አለ። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ዓይነ ስውሩን አይተው እሱ ወይስ ወላጆቹ ኃጢአት እንደሠሩ ይጠይቃሉ። መልሱ እሱም ወላጆቹም አልሠሩም የሚል ነው። ዘሌዋውያን 19፥14 መስማት የተሳነውን መርገምና በዓይነ ስውር ፊት መሰናክል ማኖርን ይከለክላል። ቁርኣን ውስጥ 80ኛው ሱራ፣ ዐበሰ፣ ነቢዩ ሙሐመድ ከታላላቅ ሰዎች ጋር እየተነጋገሩ ሳለ የመጣው ዓይነ ስውር ችላ መባሉን ይወቅሳል። ፊልሙ ውስጥ አንዱንም አልጠቀስንም፤ ስብከት ይሆናል። ግን ሎኬሽን (የቀረጻ ቦታ) ስንጠይቅ፣ ተዋናዮች ስናሳምን፣ "እምነታችንን ልትሰድቡ ነው?" ስንባል ረድተውናል። ሎኬሽን ስትጠይቁ ታሪኩን በግልጽ ተናገሩ። "ስለ ቤተሰብ ፍቅር ነው" ብላችሁ አድበስብሳችሁ የገባችሁበት ቦታ ኋላ ላይ ጣጣ ያመጣል። አንድ ቦታ እምቢ አሉን፣ አመስግነን ወጣን፣ ሌላ ፈለግን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ልጁን ማን ይጫወተው?

"ጎበዝ ልጅ አግኝተህ እጁን እንዲያጣምም አሠልጥነው" ያሉኝ ነበሩ። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ነው የፈለግነው። አንደኛ፣ ጡንቻ አይዋሽም። ማስመሰል ከሩቅ ያስታውቃል፣ በተለይ እኛ ለምናውቀው። ሁለተኛ፣ አካል ጉዳት ያለባቸው ተዋናዮች ዕድሉን ሲያገኙ ምን እንደሚሠሩ ታይቷል። ሁለት እጆቹን ያጣውና ከዚያ በፊት ሙያተኛ ተዋናይ ያልነበረው ሃሮልድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1947 ኦስካር ወስዷል። መስማት የተሳናት ማርሊ ማትሊን በ1987፣ ትሮይ ኮትሰር በ2022 ወስደዋል። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ ምክንያት፣ እኔ ልጅ ሳለሁ እንደኔ የሚራመድ ልጅ ስክሪን ላይ አይቼ አላውቅም። ልጁን ያገኘነው በፊዚዮቴራፒ ክፍሎችና በወላጆች ማኅበራት በኩል ነው። የተለመደው የካስቲንግ (የተዋናይ መረጣ) ማስታወቂያ እነዚህ ቤተሰቦች ጋ አይደርስም። "ፊልም" ሲባል ስለ እነሱ አይመስላቸውማ።

እዚህ ላይ ከባዱ ጥያቄ መጣ። የጸሎቱ ትዕይንት የልጁ እጅ በፍርሃት እንዲጨበጥ ይፈልጋል። ልጅን አስፈራርቶ መቅረጽ ደግሞ እኔ ላይ የተደረገውን መድገም ነው። መፍትሔውን ያገኘችው አብራን የነበረች ፊዚዮቴራፒስት ናት። አንዱ ጎኑ የተያዘ ሰው በጤነኛው እጁ አንድ ነገር አጥብቆ ሲጨብጥ፣ ብዙ ጊዜ ሌላኛው እጁም አብሮ ይጨበጣል። ስለዚህ ልጁ ከፍሬም ውጭ፣ ካሜራው በማያየው ቦታ፣ በቀኝ እጁ ኳስ እንዲጨምቅ አደረግን። ጨዋታ ነበር፤ "ማን አጥብቆ ይጨምቃል?" እየተባለ። ካሜራው የሚያየው ግራ እጁን ነው። ልጁ እየሳቀ ነበር፤ ፊቱን ለብቻው በሌላ ሾት ቀረጽነው። የሚጮሁትን ሰዎችም ለብቻቸው፣ እሱ እዚያ በሌለበት ቀን ቀረጽን። "እምቢ እያለ ነው" የሚለው ዓረፍተ ነገር በልጁ ጆሮ አልገባም። ኤዲቲንግ ላይ ሲገናኙ ማንም አይጠረጥርም።

ከልጅ ጋር ስትሠሩ ሌሎችም ነገሮች አሉ። የወላጅ ፊርማ ብቻውን አይበቃም፤ ልጁን ራሱን ጠይቁት። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሐሳቡ እንዲሰማ ያዛል፣ ለፊልም ሠሪም ይሠራል። ታሪኩን በሚገባው ቋንቋ ነገርነው። "ድሮ ሰዎች ስለ እጄ የማያውቁትን ይናገሩ ነበር፤ ያንን ልናሳይ ነው" አልኩት፣ እጄንም አሳየሁት። የእሱን አጠገቡ አድርጎ አየ። እናቱ ሁልጊዜ በሚያያት ቦታ ትቀመጣለች። ማቆም ሲፈልግ የሚላት ቃል መረጠ፤ ቃሏን ሲል ሁላችንም እናቆማለን፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። የቀረጻ ሰዓቱ አጭር፣ ክፍሉ ሞቅ ያለ ነበር። ድካምና ብርድ ጡንቻውን ያስቸግሩታልና ለእሱ የዕረፍት ጊዜ ቅንጦት አይደለም።

ለዳይሬክተሩም ሰው ያስፈልጋል። የራስን ልጅነት ሞኒተር ላይ ማየት ቀላል አይደለም። የጸሎቱን ትዕይንት ስንቀርጽ "ከት" ብሎ ቀረጻውን የማቆም ሥልጣን ለረዳት ዳይሬክተሯ ሰጥቼ ነበር። አንድ ጊዜ ተጠቅማበታለች፤ ወጥቼ አየር ወስጄ ተመለስኩ። ይህንን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ስለ ካሜራ ብዙ አልልም፤ ያላችሁን ተጠቀሙ። አንድ ሕግ ግን ይኑራችሁ። የእኛ ሕግ ሌንሱ ከልጁ ዓይን ከፍታ በላይ እንዳይወጣ ነበር። አዋቂዎች ከወገብ ወይም ከደረት በላይ ይቆረጣሉ። ፊቷ ሙሉ የሚታየው እናቲቱ ጎንበስ ስትል ብቻ ነው። ሁለተኛው ሕግ ስለ እጁ ነው። እጁ የሆነ ነገር እየሠራ ካልሆነ ክሎዝ አፕ (ቀርቦ የሚያሳይ ሾት) የለም። ሳህን ሲይዝ፣ አዝራር ሲታገል፣ እጅጌ ሲጎትት እናየዋለን። ዝም ብሎ ለማሳየት ተብሎ አንድም ሾት የለም። ልጅነቴን ሙሉ ሲያዩኝ ኖሬያለሁ፤ ፊልሙ ደግሞ ከእኔ ጋር ሆኖ እንዲያይ ነበር የምፈልገው።

ለድምፅ ግን ካላችሁ ነገር ትልቁን ድርሻ ስጡት። ጥራቱ ዝቅ ያለ ምስል ይታለፋል፣ የማይሰማ ንግግር አይታለፍም። የጸሎቱን ጩኸት ሰው እንደሚሰማው ሳይሆን የፈራ ልጅ እንደሚሰማው አደረግነው። ቃላቱ ይደበዝዛሉ፣ የራሱ ትንፋሽና የሹራቡ ኮሽታ ይጎላሉ። ለዚህ የጨርቁን ድምፅ ለብቻው ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቀረጽን። በየሎኬሽኑም ሁሉም ሰው ዝም ብሎ የክፍሉን ባዶ ድምፅ ለ30 ሰከንድ ያህል ቅረጹ። ኤዲተራችሁ ታመሰግናችኋለች። ሙዚቃ አልጨመርንም። ሐዘን ላይ ቫዮሊን ሲገባ ተመልካቹ "እዘን" እየተባለ ነው፣ ማዘን ደግሞ ከምንፈልገው ስሜት የመጨረሻው ነው።

ስለ አካል ጉዳት የተሠራ ፊልም አካል ጉዳተኞች ሊያዩት ካልቻሉ ምን ይባላል? ከኤዲቲንግ ጀምሮ አስቡበት። ሰብታይትሉ ንግግሩን ብቻ ሳይሆን ድምፁንም ይጻፍ፤ "በር ይንኳኳል"፣ "ብዙ ሰው በአንድነት ይጸልያል" ተብሎ። ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚተርክ ቅጂ አዘጋጁ፤ ትረካው የሚገባው በንግግር መካከል ባለ ክፍተት ስለሆነ ክፍተት ተውለት። በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን አይኑር፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጎዳ ይችላል። የምታሳዩበት አዳራሽ ዊልቸር የሚያስገባ መሆኑን ሄዳችሁ እዩ፤ መድረኩንም ጭምር፣ ምክንያቱም ከፊልሙ በኋላ መድረክ ላይ የምትወጡት እናንተ ናችሁ።

ድጋፍ ለመጠየቅ ስትጽፉ እነዚህ ይጠቅሟችኋል። የዓለም ጤና ድርጅት 1.3 ቢሊዮን ሰዎች፣ ማለትም ከስድስት ሰው አንዱ፣ ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 8 መንግሥታት የተዛባ አመለካከትን እንዲታገሉ ያዛል፤ አንቀጽ 30 ደግሞ በባህልና በጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብትን ይደነግጋል። ፌስቲቫል ስትመርጡ በአካል ጉዳት ላይ ያተኮሩትን አትርሱ። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለው የካሊፎርኒያው ሱፐርፌስት፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒው ዮርክ ላይ የተጀመረው ሪልአቢሊቲስ አሉ። ኢንተርኔት ላይ ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ደንባቸውን አንብቡ፤ ቀድሞ የተለቀቀ ፊልም የማይቀበሉ ፌስቲቫሎች አሉ።

ከፊልሙ በኋላ በሚደረግ ውይይት ላይ "አሁንስ ልጸልይልህ?" የሚል ሰው ይመጣል። ለዚህ ተዘጋጁ። እኔ "ለሥራዬ ጸልይልኝ፣ ለእጄ ግን አያስፈልግም" እላለሁ። ከልቤ ነው የምለው፤ አብዛኞቹም ይረዱኛል። ልጃቸውን ይዘው ከኋላ የተቀመጡ ወላጆችም ይኖራሉ። መድረክ ላይ አይጠይቁም። ቶሎ አትሂዱ፤ ውጭ ጠብቋቸው።

የማስታወቂያ ቅንጥብ ስትሠሩ የጸሎቱን ትዕይንት አታስገቡ። ከፊልሙ ተቆርጦ ለብቻው ሲዞር እንደገና የልጅ መሳለቂያ ይሆናል። ፖስተሩ ላይም የልጁን እጅ አላደረግንም። ከቤተሰቡ ጋር በተፈራረምነው ወረቀት ላይ ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው እንደገና እንደምንጠይቀው፣ ያኔ "ከኢንተርኔት ይውረድ" ካለም እንደምናወርደው ተጽፏል።